ከዝናቡ በኋላ የታጨደው አጃ

ፍላቂት፣ ጥቅምት ፳ ቀን

ለዚያ ዘመን ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የላሊበላ ብርድ ደረትህን እንደ ድሮው ያስልሃል ወይስ ተላመድከው? እንግዳ መምጣት ጀምሯል ወይስ አሁንም በየሆቴሉ በር ተቀምጣችሁ ባዶ መንገድ ታያላችሁ? እኔ ተመስገን ነው፣ አለሁ። ልጄ ንጋት ሦስት ዓመት ሞላት፤ አፏን ከፈታች ወዲህ ማንንም አታስወራም። እናቴ ከጉልበቷ በቀር ደኅና ናት። አባትህም ደኅና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። በቤታቸው ናቸው፤ ትናንት ከበረታቸው ፍግ ሲያወጡ አይቻቸዋለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኬ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የእንስሳት ሐኪማችን ሂሻም ነው። የወልድያ ልጅ ነው፤ ለክትባት ሥራ ወደ እናንተ ይመጣል። ከእኔ መሆኑን ለሰው አይናገርም፤ አንተም አትጠይቀው።

በዚህ ክረምት አባትህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስረው ነበር። እንቁጣጣሽን ፍላቂት ፖሊስ ጣቢያ ዋሉ። ለአንተ እንዳይነገር አገሩን ሁሉ ያስማሉት ራሳቸው ናቸው። ምናልባት አንድ ሰው «ጋሽ ገብረ ሊባኖስ የደሳለን በሬዎች መረዙ» ብሎህ ይሆናል። አልመረዙም። በሬዎቹ በምን እንደሞቱ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ ስማው።

ባሌ ደሳለ የሠራውን ቤት አንተ አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የተሠራ ነው። ከአባትህ በረት በታች፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ባለው ሜዳ ላይ ነው። አባትህ ደግሞ እንደምታውቃቸው ኩበት የሚባል ነገር አይወዱም። አገሩ ሁሉ የከብቱን እበት ጠፍጥፎ ሲያነድ እሳቸው ግን እየከመሩ፣ እያበሰበሱ ወደ ማሳቸው ይመልሳሉ። «ከመሬት የወሰድከውን ለመሬት ካልመለስክ ዝም ብላ ታይሃለች፤ ቀኗን ጠብቃ ግን ትከለክልሃለች» ይሉን የነበረው ትዝ ይልሃል? ኮሌጅ ገብቼ ሦስት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ሣሩ ወደ ከብቱ ይገባል፣ ከብቱ ፍግ ይሰጣል፣ ፍጉ በአፈር ውስጥ ቀልጦ እንደገና ሣር ይሆናል። የእኛ ሰው መሐል ላይ እሳት አስገባበትና ክቡ ተበጠሰ። ከዚያ እኛ የግብርና ሠራተኞች ዩሪያ ተሸክመን መጣን።

በክረምት ከአባትህ በረት የሚወርደው እጣቢ ጥቁር ነው፤ የረገጠውን መሬት ያወፍራል። ድሮ ቦዩ ወደ ገብሳቸው ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ በሰኔ ደሳለ ቦዩን ቆርጦ ወደ እኛ ማሳ መለሰው። አባትህ በሐምሌ ሥላሴ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በሕዝብ ፊት ጠየቁት። ደሳለ «ጎርፍ የእግዚአብሔር ነው» አላቸው። እሳቸውም ተናደዱና «በቅሚያ ውሃ የጠገበ መሬት በሬ አያቆምልህም» አሉት። ያንን ቃል ያልሰማ ሰው አልነበረም። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቦዩ የሚገባበት ማሳ ላይ የዘራነው አጃ ነበር፤ ለመኖ። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ በየቀበሌው ሠርቶ ማሳያ ይኑር ስላለ፣ ባለሙያዋም እኔ ስለሆንኩ፣ በራሴ ማሳ ላይ አደረግሁት። ሰዉ «የመንግሥት ሣር» ይለዋል። በሐምሌ መጀመሪያ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ከታች ሲጀምር ረሃብ ነው፤ ተክል ናይትሮጅን ሲጎድለው ከአሮጌው ቅጠል እየነቀለ ለአዲሱ ይሰጣል፣ ልክ እንደ እናት። ዩሪያ በተንኩለት። በሳምንቱ አገገመ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ደሳለ ሌላ ግማሽ ከረጢት ይዞ መጣና «ይጨመርበት?» አለኝ። ከላይ የአባትህ በረት እጣቢ ሌት ተቀን እየወረደበት መሆኑን አውቃለሁ። ግን የዞን ሰዎች ለጉብኝት ሊመጡ ነበር፣ የእኔ አጃ ከሌላው ቀበሌ እንዲበልጥ ፈለግሁ። ጨምርበት አልኩት።

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ቆመ። ሦስት ሳምንት ጠብ አላለም። ፍልሰታን ሙሉ ሰማዩ እንደ ጥር ጠራ። አጃው አልሞተም፣ አላደገምም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ይህን ልብ ብለህ አንብብልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተክል ሲጠማም ሥሩ ከአፈሩ ያገኘውን መሳቡን አይተውም። ቅጠሉ ግን የሳበውን ወደ ምግብ መለወጥ ያቅተዋል። ያልተለወጠው ናይትሬት ከአገዳው ግርጌ ይከማቻል። ከዚያ ድንገት ሲዘንብ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሟሟል፣ ተክሉም በአንድ ትንፋሽ ይጠጣዋል። በማግስቱ ስታየው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያምርሃል። ያን ጊዜ ነው መንካት የማይገባህ፤ ናይትሬቱ የከብቱን ደም አበላሽቶ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት፣ ዝም ብለህ ትጠብቀዋለህ። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና አጥንቼ መልሼዋለሁ።

ነሐሴ ሃያ አንድ ዘነበ። ሃያ ሁለት ረፋዱ ላይ ደሳለ ማጭዱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ግጦሹ አልቋል፤ በሬዎቹ የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። «ይታጨድ?» ሲል ጠየቀኝ። አማቴ ወይዘሮ ደመቀች ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበርና ቀና ሳይሉ «የመንግሥት ሣር ለዓይን እንጂ ለከብት መቼ ሆነ» አሉ። ይህን ንግግር ክረምቱን ሙሉ ስሰማው ነበር የከረምኩት። በሁለት ልብ እንኳ አልሆንኩም። «እጨደው፣ ይብሉ» አልኩ።

እጨደው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለአንተ መጻፍ ፈልጌ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሁለቱም በሬዎች እስኪጠግቡ በሉ። ብዙም ሳይቆዩ አንደኛው ሮጦ እንደመጣ ሰው ያለከልክ ጀመር። ድዱን ገልጬ አየሁት፤ አመድ መስሏል። ሁለተኛው ተንገዳግዶ በፊት ጉልበቱ ወደቀ። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ። ደሳለ ሳይሞት ይባረክ ብሎ ቢላዋ አነሳ። የወጣው ደም ቀይ አልነበረም፤ እንደ ቡና አተላ ቡኒ ሆኖ ወረደ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ሥጋውን የሚነካ ጠፋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም አለቁ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «የጋሽ ገብረ ሊባኖስ ቃል ደረሰ» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ቃል በሬ አይገድልም፣ እጅ ነው እንጂ» አለ። እኔ ያንን ደም ሳይ የተማርኩት ገጽ ከነቁጥሩ መጣልኝ። አፌ ግን አልተከፈተም።

በማግስቱ በጠዋት ቢሮ ሄድኩ። የምንጭ ውሃ ሊመረምሩ የመጡ ሰዎች ከዓመታት በፊት ትተውት የሄዱት የናይትሬት መመርመሪያ ወረቀት በሣጥን ውስጥ ነበረ፤ ጊዜው አልፎበታል። የአጃውን አገዳ ጨምቄ ወረቀቱን ነከርኩት። ወይን ጠጅ ሆነ። ናይትሬት ሲበዛ ይጠቁራል፤ በማሸጊያው ላይ ያለው የመጨረሻው ቀለም እንኳ እንዲያ አይጠቁርም። ወረቀቱን በመዳፌ ይዤ እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። አማቴ ንጋትን ይዘው ጠበል ሄደው ነበር። በቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፖሊሶቹ በደሳለ ክስ አባትህን ሊወስዱ የመጡት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። አባትህ ልብሳቸውን ቀይረው፣ በትራቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ወጡ። በእኛ ደጅ ሲያልፉ «ደኅና ዋይ ልጄ» አሉኝ። እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር። እዚያው እንደነከርኩት ቀረሁ።

ለምን ዝም አልሽ ትለኛለህ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ብናገር በሬዎቹን ያስፈጀች እኔ ነኝ፤ በሬ ያስፈጀች ባለሙያ ደግሞ ማን ይሰማታል? ከዚያ የባሰው አንተ ነህ። አገሩ የእኔንና የአንተን ታሪክ ያውቃል። ሽማግሌ እስክትልክ ዓመት ሙሉ በር በሩን እንዳየሁ፣ ሳትልክ እንደቀረህ፣ ደሳለን እያለቀስኩ እንዳገባሁ ያውቃል። አልወቅስህም፤ ሥራ አልነበረህም። ግን አባትህን ነፃ የሚያወጣ ቃል ከእኔ አፍ ከወጣ ቃሉ የፍቅር እንጂ የእውነት አይመስልም። እውነት ይዞ መናገር አለመቻል ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ግድግዳ ነው። ምሳ እሠራለሁ፣ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ለገበሬ ስለ ማዳበሪያ አስተምራለሁ፣ ተመልሼ ከደሳለ ጋር አንድ ትሪ ላይ እቀርባለሁ። ስለ በሬዎቹ አንስቶ አያውቅም። እኔም አላነሳም።

በመጨረሻ ለነፍስ አባቴ ለቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንዲትም ሳላስቀር። ያን ጠዋት በቤት ውስጥ የሆነውንም ጭምር። እሳቸውም «ንስሐሽን እኔ እቀበላለሁ፤ እውነቱ ግን የእኔ አይደለም፣ የታሰረው ሰው ነው፤ ለባለቤቱ መልሺ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ግን አሁንም ቀን ቆጠርኩ። ያንቀሳቀሰኝ አባትህ ናቸው። በገበያ ቀን ፍላቂት ወርጄ ጣቢያው በር ላይ ስንቅ ከሚያቀብሉት ጋር ተሰለፍኩ። አባትህ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝና ቀረቡ። ከስተዋል። ስለ ክሱ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ገብሴ ቢጫ ብሏል አሉኝ፤ ከታች ነው ወይስ ከላይ?» አሉ። ከታች ነው አልኳቸው። «እንግዲያ ርቦታል። ከበረቱ ኋላ የበሰበሰ ፍግ አለ፤ ሰው ፈልጊና አስበትኝልኝ። ከተረፈ ለእናንተም ማሳ ውሰጂ፣ ያ ሜዳ ከሥሩ ስስ ነው» አሉኝ። ያሰራቸውን ሰው ማሳ ነው የሚሉኝ። ቀጥለውም «ልጄ እንዳይሰማ፤ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ» ብለው አስማሉኝ። ስንቁን አቀብዬ ወደ ገበያ አልሄድኩም። በቀጥታ ሂሻም ዘንድ ሄድኩ።

ሂሻም ሰምቶኝ አልተገረመም። የደሙን ነገር ሲነግሩት ጠርጥሮ እንደነበር፣ ግን ሣሩን ያበላው ሰው ካልተናገረ ምንም ማድረግ እንዳልቻለ ነገረኝ። አብረን ለፖሊሱ አዛዥ ነገርነው። ወረቀቱን አገላብጦ «ይኸማ ጊዜው ያለፈበት ነው» አለ። ከዚያም ሳቅ እያለ ሣር በሬ ሲገድል ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ አሉ። አንደኛው ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ልብሽ የት እንዳለ እናውቃለን» አሉኝ፣ በርኅራኄ። ከስድብ የከፋ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አሳያችኋለሁ ያልኩት። ከታጨደው አጃ የተረፈ ሁለት እስር በጣሪያው ሥር ደርቆ ተሰቅሎ ነበር። ቢደርቅም ናይትሬቱ አይለቀውም። ከአባቴ ቤት ይዤ የመጣኋትን ጊደሬን ዳማን ታስታውሳታለህ? አታስታውሳትም፣ እናቷን ነው የምታውቀው። በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የምለው እሷን ብቻ ነበር። ሂሻም ማርከሻው በዚህ አካባቢ እንደማይገኝ አስቀድሞ ነግሮኛል።

መስከረም ሰባት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። አዛዡ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ደሳለና ወንድሞቹ፣ አማቴ፣ የመንደሩ ሰው። ዳማ ከዋዜማው ጀምራ አልበላችም። አጃውን በእጄ አቀረብኩላት። ከእጄ ለመብላት የለመደች ናት፤ ስትበላ ጆሮዋን ታወዛውዛለች። ሁሉንም በላች። ሰዉ ያወራ ነበር። ቆይቶ ወሬው ቆመ። ትንፋሿ ፈጠነ፤ እግሯ ተብረከረከ፤ ተኛች። ሂሻም ጆሮዋን በመርፌ ወጋና ጠብታውን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ ለሽማግሌዎቹ አዞረላቸው። ቡኒ ነው። በዚያ መሐል አንገቷን ይዤ መሬት ተቀምጬ ነበር። ከእኩለ ቀን በፊት ሞተች።

አዛዡ ባርኔጣውን አወለቀ። ያ በርኅራኄ የተናገሩኝ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ማንሳት አቃታቸው። ከዚያ አዛዡ ደብተሩን ከፈተና የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ይህን መቼ እንዳወቅሁና ከክሱ በፊት ለባሌ ነግሬው እንደሆነ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስን ምስክርነቷን በመስቀል ታጽና አላቸው። መስቀሉን ዘረጉልኝ።

ደሳለ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ መሬት መሬት ያያል። ንጋት በአማቴ ጀርባ ታዝላ ትስቃለች። እያወቀ በሐሰት የከሰሰ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ አባትህ በተነሡበት ቦታ ይተኛል። ወንድሞቹም እኔንና አባትህን በምን ዓይን እንደሚያዩ አውቃለሁ። መስቀሉን ጨበጥኩ። «ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም» አልኩ። ቄሱ መስቀሉን መልሰው ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። የንስሐ ቃል አይወጣም።

አባትህ በዚያው ዕለት ተፈቱ። ከፍላቂት በሚኒባስ መጡ፤ ቤታቸው ሳይገቡ መጀመሪያ ገብሱን ሊያዩ ሄዱ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ከደሳለ ጋር አስታረቋቸው፣ ቦዩም ለሁለት ተከፈለ። እኔን ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ አስጠንቅቆ ከሥራዬ ሳያስነሳኝ አለፈ። አሁን በየስብሰባው ስለ አጃው እናገራለሁ፤ ከድርቅ በኋላ ሲዘንብ ለምን እንደሚጠበቅ። ሰዉ አሁን ያዳምጠኛል።

ደሳለ አልመታኝም፣ አላባረረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ሳይቀር ራሱ ይቀዳልኛል። አንዳንዴ ትክ ብሎ ሲያየኝ አገኘዋለሁ። በቁጣ ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ከእኔ መሄድ አይችልም፣ እኔም ከእሱ። በአንድ ቃል ታስረናል፤ ቁልፉንም እኔ ነኝ የወረወርኩት። ቅዳሴን ከውጭ ሆኜ ነው የማስቀድሰው። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ልጅቷ ታስቸግረኛለች እላለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ከሁሉም የከበደኝን ነው። አባትህ ለኅዳር ጊዮርጊስ ዝክር ያወጣሉ፤ አንተን ሊያስጠሩ ነው። ደስታቸውን ብታይ! በየቤቱ «ልጄ ይመጣል» እያሉ ነው። አትምጣ። ሰው አሁን ያመነኝ አንተ ስለሌለህበት ነው። በዝክሩ ላይ አጠገቤ ብትቆም፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለህ እጄን ብትጨብጥ፣ ዳማ የሞተችው ለአንተ ተብሎ ነው ይባላል። የደሳለ ወንድሞች ነገሩን እንደገና ይቆፍሩታል። ሲቆፍሩት የሚያገኙትን፣ ያን ጠዋት ወረቀቱን ለማን እንዳሳየሁ፣ አንተ አሁን ታውቃለህ። እንግዳ በዝቶብኛል በላቸው፤ ላሊበላ በወጉ ሞልታለች ብለህ አሳምናቸው። ይቀየሙሃል። ይቀየሙህ። ለፋሲካም እንዲሁ ሰበብ አብጅ። መቼ ልምጣ እንዳትለኝ፤ ቀኑን አላውቀውም።

ብትመጣ ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው የምለምንህ።

የላሊበላው ጻድቅ ይጠብቅህ። ደረትህን ሸፍን። ያገባህ እንደሆነ እሰይ፣ ካላገባህም መልካሟን ይስጥህ፤ ልጆችህ አባትህን ይምሰሉ። ከእግርህ እንቅፋትን፣ ከእንጀራህ መቅሰፍትን ያርቅልህ። ይህን ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

የአባትህ ጎረቤት፣
የንጋት እናት፣
የደሳለ ሚስት